በአውሮፓ ማን ይፈርዳል? ስለ ወንጀል ፍርድ ቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊልም ላይ የምናየው ፍርድ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ነው። ዳኛው በመዶሻ ያንኳኳል፣ ጠበቃው ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ይሟገታል፣ 12 ሰዎች በአንድ ጥግ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አውሮፓ የሚኖር ወገናችንም መጥሪያ ሲደርሰው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የሚገጥመው ግን እንደየአገሩ ይለያያል። አንዳንዴም ጭራሽ ችሎት ሳያይ ጉዳዩ ያልቃል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መልሱ አጠቃላይ መረጃ ስለሆነ፣ ክስ የቀረበበት ሰው ጠበቃ ማማከር አለበት።

«የአውሮፓ ወንጀል ፍርድ ቤት» የሚባል አለ?

የለም። ሰረቀ፣ ተደባደበ፣ ሰው ገደለ የተባለ ሰው በመደበኛው አሠራር የሚዳኘው ድርጊቱ በተፈጸመበት አገር ፍርድ ቤት፣ በዚያው አገር ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መመሥረት ይህን አልለወጠውም። እንዲያውም አንድ መንግሥት ውስጥ ሦስት ሥርዓት የሚገኝበት ቦታ አለ። በዩናይትድ ኪንግደም እንግሊዝና ዌልስ በአንድ ሥርዓት ይተዳደራሉ፣ ስኮትላንድ የራሷ አላት፣ ሰሜን አየርላንድም የራሷ።

ሰው የሚያደናግሩት ስሞች ብዙ ናቸው። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የሚዳኘው የ46 አገሮችን መንግሥታት እንጂ ወንጀለኞችን አይደለም። ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የኅብረቱን ሕግ ይተረጉማል። ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መቀመጫው አውሮፓ ቢሆንም የአውሮፓ አይደለም። ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ደግሞ የኅብረቱን ገንዘብ አጭበርብረዋል የሚላቸውን ይከሳል። የራሱ ችሎት ግን የለውም። ክሱን ይዞ የሚሄደው ወደየአገሩ ፍርድ ቤት ነው።

ታዲያ በአገሮቹ መካከል ትልቁ ልዩነት ምኑ ላይ ነው?

እኔ ሁለት ነገር እንዲታይ እመክራለሁ። አንደኛው «ጥፋተኛ ነው» የሚለውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ ነው። እንግሊዝና አየርላንድ በከባድ ወንጀል ይህን በመደበኛው ለጁሪ፣ ማለትም በዕጣ ለተመረጡ ተራ ዜጎች፣ ብቻ ይተዋሉ። ዳኛው ሕጉን ያስረዳል፣ ቅጣቱን ይወስናል፣ በጥፋተኝነቱ ላይ ግን ድምፅ የለውም። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስዊድን የሙያ ዳኞችንና ተራ ዜጎችን አንድ ላይ ያስቀምጣሉ። ኔዘርላንድስ ደግሞ ሁሉንም ለሙያ ዳኞች ትሰጣለች።

ሁለተኛው ማስረጃው የሚቀርብበት መንገድ ነው። በእንግሊዝ ሁለቱ ወገኖች ምስክሮቻቸውን ያቀርባሉ፤ ዋና ጥያቄና መስቀለኛ ጥያቄ ይካሄዳል፤ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጣል። በዋናው የአውሮፓ ምድር ግን ዳኛው የምርመራ መዝገቡን አስቀድሞ አንብቦ ነው የሚመጣው። ተከሳሹንም ምስክሩንም መጀመሪያ የሚጠይቀው ራሱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ዳኛው ገና ከጅምሩ ጠመደኝ» ብሎ ያስባል። ዳኛው ግን ሥራውን እየሠራ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለሁለቱም ባዳ አይደለንም። በ1957 የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት የጄኔቫው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው። የ1961ዱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የእንግሊዛዊው የሰር ቻርለስ ማቲው እጅ አለበት። ልደታ ችሎት ላይ የምንሰማው መስቀለኛ ጥያቄ ከእንግሊዞቹ መንገድ የመጣ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎታችን ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ያደላል።

እንግሊዝ ውስጥ ሁሉም ክስ በጁሪ ይታያል?

በፍጹም። ማንኛውም የወንጀል ክስ የሚጀምረው ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ነው፤ ከ100 ጉዳዮች ከ90 በላይ የሚሆኑት እዚያው ያልቃሉ። እዚያ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማጅስትሬቶች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ ሕግም አልተማሩም። መምህር፣ ነርስ፣ ነጋዴ ሊሆኑ ይችላሉ። አጠገባቸው ሕግ የሚያውቅ አማካሪ ይቀመጣል። በአንዳንድ ችሎት ደግሞ በእነሱ ፈንታ አንድ የሙያ ዳኛ ብቻውን ይሰየማል።

እንደ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈርና ዘረፋ ያሉት ወደ ክራውን ኮርት ይሄዳሉ። ለንደን ያለው ታዋቂው ኦልድ ቤይሊም የዚሁ ክፍል ነው። እዚህ 12 የጁሪ አባላት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሁሉም እንዲስማሙ ይጠየቃል። ካልሆነላቸው ዳኛው በ10 ለ2 ድምፅ እንዲወስኑ ሊፈቅድ ይችላል፤ ይህ ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው። ለምን እንደዚያ እንደወሰኑ ግን ምክንያት አይሰጡም።

የብሪታንያ ዜግነት አግኝቶ በመራጮች መዝገብ የተመዘገበ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 75 የሆነ ወገን አንድ ቀን የጁሪ ጥሪ ሊደርሰው ይችላል። ክስ መስሎት የሚደነግጥ አለ። ክስ አይደለም፤ ዕጣ ነው። ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ግን እስከ 1,000 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል። እኔ ብትጠይቁኝ፣ ሂዱ እላለሁ። ጁሪው ውስጥ የእኛን ስም፣ የእኛን ሁኔታና አነጋገር የሚያውቅ ሰው ሲኖር ለሁሉም ይጠቅማል።

ይህ ሥርዓት አሁን ጫና ላይ ነው። በ2025 ክራውን ኮርት ውስጥ ተራ የሚጠብቀው መዝገብ ከ70,000 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት ጁሪ የሚሰየምባቸውን ጉዳዮች ለመቀነስ ሐሳብ አቀረበ፤ ብርቱ ክርክርም አስነሣ። ፍርድ መዘግየቱ ተበዳይንም ተከሳሽንም እንደሚያቃጥል ይገባኛል። ሆኖም ዳኞችን ቀጥሮ፣ የተዘጉ ችሎቶችን ከፍቶ ማቃለል የሚቻለውን መዘግየት ጁሪን በማሳነስ መፍታት ትክክል አይመስለኝም።

ስኮትላንድስ?

ስኮትላንድ ውስጥ ጁሪው 15 ሰው ነው። ለረጅም ዘመን 8 ድምፅ ብቻ ለጥፋተኝነት ይበቃ ነበር። ከ«ጥፋተኛ» እና «ጥፋተኛ ያልሆነ» ሌላ «አልተረጋገጠም» የሚል ሦስተኛ ውሳኔም ነበር። ውጤቱ ያው ነጻ መውጣት ቢሆንም፣ ተበዳይንም ተከሳሽንም በጥርጣሬ ይዞ የሚያስቀር ነው ተብሎ ሲወቀስ ኖሯል። የስኮትላንድ ፓርላማ በ2025 ባወጣው ሕግ ይህ ሦስተኛ ውሳኔ እንዲቀር፣ ለጥፋተኝነትም የጁሪው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያስፈልግ ወሰነ።

የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች በምን ይከፋፈላሉ?

በወንጀሉ ክብደት። ደንብ መተላለፍ ወደ ፖሊስ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እንደ ፈጣን መንዳት ያለው ነው። እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣው መካከለኛ ወንጀል፣ ለምሳሌ ስርቆት ወይም ማጭበርበር፣ «ትሪቡናል ኮሬክሲዮኔል» በሚባለው በሙያ ዳኞች ይታያል። ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ወንጀል ለዘመናት የ«ኩር ዳሲዝ» ድርሻ ነበር።

ኩር ዳሲዝ ውስጥ 3 የሙያ ዳኞችና በዕጣ የወጡ 6 ዜጎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አብረው ይመክራሉ፤ ድምፃቸውንም በምስጢር ይሰጣሉ። ጥፋተኛ ለማለት ከ9ኙ 7 ድምፅ ያስፈልጋል። በይግባኝ ዜጎቹ 9 ይሆናሉ፤ የሚያስፈልገውም ድምፅ 8 ነው። የሚገርመው፣ ከዚህ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ በፍሬ ነገር ይግባኝ ማለት የተቻለው ከ2001 ወዲህ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት «ሕዝብ ከፈረደ ማን ይሽረዋል?» የሚለው አስተሳሰብ ከአብዮቱ ዘመን ጀምሮ ጸንቶ ኖሯል። የቀረው መንገድ ሰበር ብቻ ነበር።

ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ግን በመላው አገሪቱ አዲስ ፍርድ ቤት መጣ። ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል አሁን በ5 የሙያ ዳኞች ይታያል፤ ዜጎች የሉበትም። በተግባር ወደዚያ የሚሄደው በአብዛኛው የአስገድዶ መድፈር ክስ ነው። ዓለም ሁሉ የተከታተለው የጂዜል ፔሊኮ ጉዳይ በ2024 አቪኞን ከተማ የታየው በዚህ ዓይነት ችሎት ነው። ወይዘሮዋ ችሎቱ በዝግ እንዳይሆን ጠየቁ። 51 ወንዶች ተከሰው፣ ዲሴምበር 19 ቀን ሁሉም ጥፋተኛ ተባሉ። ከተከሳሾቹ አንዱ ይግባኙን እስከ መጨረሻ ገፋበት። ይግባኙ በ2025 ኒም ከተማ የታየው ደግሞ ዜጎች በተቀመጡበት ችሎት ነው። ስለዚህ አንዱ መዝገብ ሁለቱንም ዓይነት ዳኝነት አየ።

የሽብር ክስ ሲሆን ፈረንሳይ ዜጎችን አታስቀምጥም። የ2015ቱ የፓሪስ ጥቃት ክስ በሙያ ዳኞች ብቻ ታይቶ በጁን 2022 ተፈረደ። ጎረቤቷ ቤልጅየም ግን የ2016ቱን የብራስልስ ጥቃት ክስ በ12 ዜጎች ጁሪ ፊት አቀረበች። ሕገ መንግሥቷ ለከባድ ወንጀል ጁሪን ያዛል።

መርማሪ ዳኛ ማለት ምን ማለት ነው? ዳኛ እንዴት ይመረምራል?

ፈረንሳይ ውስጥ ለከባድ ወንጀል የግድ ነው። ፖሊስን የሚመራው፣ ተጠርጣሪን የሚጠይቀው፣ ባለሙያ የሚያዘው እሱ ነው። የሚጠበቅበትም ተጠርጣሪውን የሚጎዳውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቅመውንም ማስረጃ መፈለግ ነው። ፍርዱን ግን እሱ አይሰጥም። ስፔንና ቤልጅየምም መርማሪ ዳኛ አላቸው። ጀርመን በ1970ዎቹ፣ ጣሊያን ደግሞ በ1989 አዲስ የሥነ ሥርዓት ሕግ ሥራ ላይ ስታውል ምርመራውን ለዐቃቤ ሕግ አስተላለፉ።

ጀርመን ውስጥ ከዳኛው ጎን የሚቀመጡት ሲቪል የለበሱ ሰዎች እነማን ናቸው?

«ሾፈን» ይባላሉ፤ የሕዝብ ዳኞች ናቸው። ሕግ አልተማሩም፤ የሥራ ዘመናቸው 5 ዓመት ነው። የአሁኑ ዙር ከ2024 እስከ 2028 ነው። ጀርመን ጁሪዋን የተወችው በ1924 ነው። ከዚያ ወዲህ ዜጋው የሚፈርደው ከዳኛው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነው። በጥፋተኝነቱም በቅጣቱም ላይ ድምፁ ከሙያ ዳኛው ድምፅ እኩል ነው።

ቁጥሩን ልብ ብላችሁ ብታዩት ሥልጣናቸው ይገባችኋል። ዝቅተኛው «አምትስገሪሽት» ውስጥ ቀላሉን ጉዳይ አንድ ዳኛ ብቻውን ያየዋል። ከበድ ሲል፣ እስከ 4 ዓመት እስራት ሊያስከትል የሚችለውን፣ አንድ ዳኛና ሁለት ሾፈን ያዩታል። ጥፋተኛ ለማለት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ሾፈን ከተስማሙ ዳኛውን ሊያሸንፉት ይችላሉ። ግድያ የሚታይበት «ላንድገሪሽት» ውስጥ 3 ዳኞችና 2 ሾፈን ይቀመጣሉ። እዚያ ከ5ቱ 4 ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሾፈን «አላመንበትም» ካሉ የሚፈረድበት ሰው የለም።

ከ25 እስከ 69 ዓመት የሆነ ጀርመናዊ ዜጋ ለዚህ ሥራ በሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት በኩል ማመልከት ይችላል። ዜግነት የወሰዳችሁ ወገኖች ይህን እንድታስቡበት ከልብ እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው ዙር 2029 ላይ ይጀምራል፤ ምዝገባው ቀደም ብሎ ይካሄዳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጉዳዩ በአምትስገሪሽት ከጀመረ፣ በይግባኝ ምስክሮች እንደገና ሊሰሙ ይችላሉ። በላንድገሪሽት ከጀመረ ግን ፍሬ ነገሩ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ በኋላ ያለው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዋና መቀመጫው ካርልስሩኸ የሆነው፣ የሕግ ስሕተት መኖሩን ብቻ ይመረምራል። በከባዱ ወንጀል ዕድሉ አንድ፣ በቀላሉ ሁለት መሆኑ ለሰሚው ግራ ነው። ጠበቃን ከመጀመሪያው ቀን መያዝ ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።

ከጀርመን ፍርድ ቤት ቢጫ ፖስታ ደረሰኝ። ገና ቀጠሮ ስለሌለኝ ልተወው?

አይተውት! ከሁሉም ጥያቄ ይህን አጥብቀው ያንብቡት።

ፖስታው ውስጥ ያለው «ሽትራፍበፌል» ከሆነ ችሎት ሳይሰየም በጽሑፍ የተሰጠ ቅጣት ነው። ዐቃቤ ሕግ ይጠይቃል፣ ዳኛው መዝገቡን አይቶ ይፈርማል፣ ደብዳቤው ቤት ይመጣል። መቃወም የሚቻለው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ፖስተኛው ቀኑን ፖስታው ላይ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ ፖስታውን አይጣሉት። ሁለት ሳምንቱ ካለፈ ወረቀቱ ሙሉ ፍርድ ይሆናል፤ ተከራክረው እንደተሸነፉ ይቆጠራል።

ቅጣቱ የሚሰላው በቀን ነው። «60 ቀን በ30 ዩሮ» ካለ 1,800 ዩሮ ማለት ነው። የቀኑ ሂሳብ ከተጣራ የወር ገቢ ሠላሳኛው ነው። ፍርድ ቤቱ ገቢዎን ገምቶ አብዝቶት ከሆነ፣ ጥፋቱን ሳይነኩ ይህን ሂሳብ ብቻ መቃወም ይቻላል። የቀኖቹ ቁጥር ከ90 በላይ ከሆነ ለአሠሪ በሚቀርበው የወንጀል መዝገብ ማስረጃ ላይ ይወጣል፤ ዜግነት ለመጠየቅም እንቅፋት ይሆናል። ያልተከፈለ መቀጮ ወደ እስራት ይለወጣል። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የሁለት ቀን መቀጮ በአንድ ቀን እስራት ይታሰባል።

መቃወምም የራሱ አደጋ አለው። ችሎቱ ከወረቀቱ የከበደ ቅጣት ሊወስን ይችላል። ስለዚህ በቀነ ገደቡ ውስጥ ተቃውሞ አስገብቶ፣ ጠበቃ መዝገቡን ካየ በኋላ መወሰን ይሻላል። ተቃውሞውን እስከ ችሎቱ መጀመሪያ ድረስ መልሶ መተው ይቻላል። ጥፋትዎ ባልሆነ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሆስፒታል ተኝተው፣ ቀኑ ካለፈብዎ እንቅፋቱ በተወገደ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ስዊዘርላንድም ተመሳሳይ ሥርዓት አላት፤ እዚያ የመቃወሚያው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው።

ስዊድን ውስጥ የፖለቲካ ፓርቲ ዳኛ ይሾማል ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው። የወረዳው ፍርድ ቤት ውስጥ አንድ የሙያ ዳኛና ሦስት «ኔምንደማን» የሚባሉ የሕዝብ ዳኞች ይቀመጣሉ። እነዚህን ፓርቲዎች ያቀርቧቸዋል፤ የአካባቢ ምክር ቤት ለ4 ዓመት ይመርጣቸዋል። ችሎት ላይ ፓርቲያቸውን መወከል አይፈቀድላቸውም። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ለተከሳሹ የሚሻለው ይጸናል።

ይህ ደንብ በ2018 ሶልና ፍርድ ቤት ላይ ታየ። ሚስቱን ደብድቧል የተባለ ሰው ሁለቱ የሕዝብ ዳኞች «ነጻ» ስላሉት ብቻ ተለቀቀ። የሙያ ዳኛውና ሦስተኛው የሕዝብ ዳኛ ጥፋተኛ ነው ብለው ነበር። ሁለቱ በጽሑፍ የሰጡት ምክንያት፣ ሴቲቱ ወደ ፖሊስ ከመሄድ ይልቅ ለባልየው ቤተሰብ መንገር ነበረባት የሚል ስሜት ያለው ስለሆነ አገሩ ተቆጣ። ፓርቲያቸውም አባረራቸው። «ጉዳዩን ቤተሰብ ይያዘው» የሚለው አስተሳሰብ እኛም ቤት ስለማይጠፋ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርስ ማየቱ ይጠቅመናል።

ኖርዌይም የሕዝብ ዳኞች አሏት፤ በ2018 ጁሪዋን ትታ ሙሉ በሙሉ ወደዚሁ መንገድ ገብታለች። በ2012 የ77 ሰዎች ገዳይ የሆነው አንደርስ ብሬይቪክ ኦስሎ ላይ የተዳኘው በሁለት የሙያ ዳኞችና በሦስት ዜጎች ነው። ከዜጎቹ አንዱ ከጥቃቱ በኋላ ኢንተርኔት ላይ «የሞት ፍርድ ይገባዋል» ብሎ ጽፎ ስለተገኘ ችሎቱ በተጀመረ ማግሥት ተነሥቶ በሌላ ተተካ።

ጣሊያን ውስጥ አንድ ሰው ነጻ ከወጣ በኋላ እንደገና ሊፈረድበት ይችላል?

ይችላል፤ ፍርዱ የመጨረሻ እስኪሆን ድረስ። ዐቃቤ ሕግም በነጻ መለቀቅ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል። አሜሪካዊቷ አማንዳ ኖክስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ2009 ፔሩጃ ላይ በግድያ ተፈረደባት። በ2011 በይግባኝ ነጻ ወጣች። በ2013 ሮም ያለው ሰበር ያንን ሻረው። በ2014 ፍሎረንስ ላይ እንደገና ተፈረደባት። በ2015 ሰበር ለመጨረሻ ጊዜ ከግድያው ነጻ አላት። ግድያን የሚያየው ችሎት «ኮርተ ዳሲዜ» ሲሆን 2 የሙያ ዳኞችና 6 ዜጎች ይቀመጡበታል። ዜጎቹ በደረታቸው ላይ የባንዲራውን ሦስት ቀለም ያጠልቃሉ።

ስፔንስ ጁሪ አላት?

ከ1995ቱ ሕግ ወዲህ አላት፤ 9 ሰው ነው፣ ለተወሰኑ ወንጀሎች ብቻ። ለጥፋተኝነት 7 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ጁሪውም ምክንያቱን በአጭሩ መጻፍ አለበት። ሌላው የስፔን ልዩ ነገር፣ ተበዳይ ያልሆነ ዜጋ ወይም ማኅበርም ከዐቃቤ ሕግ ጎን ከሳሽ ሆኖ መግባት መቻሉ ነው።

ኔዘርላንድስ ያለ ዜጎች ዳኝነት እንዴት ትሠራለች?

ጁሪ እዚያ በናፖሊዮን ዘመን ለጥቂት ጊዜ ነበረ፤ በ1813 ቀረ። አሁን እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚሆነውን አንድ ዳኛ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ሦስት ዳኞች ያዩታል። አብዛኛው ምስክርነት አስቀድሞ መዝገብ ውስጥ ስለሚገባ ችሎቱ አጭር ነው። ውሳኔው ግን ከነምክንያቱ በዝርዝር ይጻፋል።

ለእኛ ይህ ሥርዓት ሩቅ አይደለም። በደርግ ዘመን ጎጃም ውስጥ ባለሥልጣን የነበረው፣ በኋላም የኔዘርላንድስ ዜግነት ያገኘው እሸቱ ዓለሙ የተዳኘው ዘ ሄግ ከተማ ባለው ተራ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ነው። ብዙዎች «ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፈረደበት» ይላሉ፤ አይደለም። ሦስት የኔዘርላንድስ ዳኞች ናቸው የፈረዱበት። ዲሴምበር 15 ቀን 2017 በጦር ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ወሰኑበት። በ1978 ደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የ75 እስረኞች መገደል ከክሶቹ አንዱ ነበር። በ2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸናው። ከ40 ዓመት በኋላ የተረፉ ሰዎችና የሟች ቤተሰቦች የደረሰባቸውን በችሎት ተናገሩ። ድርጊቱ በተፈጸመበት አገር ሕግ ይዳኛል ያልኩት መደበኛው መንገድ ነው፤ የጦር ወንጀል ሲሆን ግን ብዙ የአውሮፓ አገሮች እንዲህ ራሳቸው ይዳኛሉ።

ፖሊስ ቢይዘኝ ዝም ማለት እችላለሁ?

በሁሉም ቦታ ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ይለያያል። ጀርመን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዝም ያለ ሰው ላይ ዝምታው እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። እንግሊዝ ውስጥ ግን ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ፣ ኋላ ችሎት ላይ የምትናገረውን ነገር ፖሊስ ሲጠይቅህ ከደበቅህ ጁሪው ሊታዘብህ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ዝም ከማለትም ከመናገርም በፊት ጠበቃ ይጠሩ። በፖሊስ ጣቢያ ጠበቃው ነጻ ነው። የፈረንሳይ ፖሊስ በመደበኛው 24 ሰዓት ያቆያል፤ በዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ወደ 48 ይራዘማል። ጀርመን ውስጥ የተያዘ ሰው ቢዘገይ በማግሥቱ መጨረሻ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

የአማርኛ አስተርጓሚ ልጠይቅ እችላለሁ? ማን ይከፍላል?

መንግሥት ይከፍላል፤ ቢፈረድብዎም ገንዘቡን አይጠየቁም። የ2010ሩ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ይህን ለፖሊስ ምርመራም፣ ለችሎትም፣ ከጠበቃ ጋር ለሚደረግ ንግግርም ይደነግጋል። እንደ ክስ ጽሑፍና ፍርድ ያሉ ዋና ዋና ወረቀቶችም መተርጎም አለባቸው።

«ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ» ብሎ ማለፍ ብዙ ሰው የጎዳ ነገር ነው። የአገሩን ቋንቋ ለገበያ ማወቅና በምርመራ ቃል መስጠት አይገናኙም። አፍዎን የፈቱበት ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ከሆነና አማርኛ ተናጋሪ ካመጡልዎ ይናገሩ። አስተርጓሚው የሚያውቁት ሰው ከሆነና ካልተመቸዎትም ይናገሩ። የልጅዎን ወይም የዘመድዎን ትርጉም ተማምነው ግን ምንም አይፈርሙ።

ልጄ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ሊከሰስ ይችላል?

እንግሊዝ ውስጥ ከ10፣ ስኮትላንድና ኔዘርላንድስ ከ12፣ ጀርመን፣ ጣሊያንና ስፔን ከ14። ስዊድን ለረጅም ዘመን 15ን ይዛ ቆይታለች፤ መንግሥቷ ግን ለከባድ ወንጀል ዝቅ እንዲል ሐሳብ አቅርቧል። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ጉዳይ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ይሄዳል።

ይግባኝ ብል ቅጣቴ ሊጨምር ይችላል?

ጀርመንና ፈረንሳይ ውስጥ ይግባኝ ያለው ተከሳሹ ብቻ ከሆነ ሊጨምር አይችልም። ችግሩ ዐቃቤ ሕግም አብሮ ይግባኝ ሲል ነው። ከላይ ባየነው የፔሊኮ ጉዳይ ኒም ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ 9 ዓመት ተፈርዶበት ይግባኝ ያለው ሰው 10 ዓመት ሆኖበት ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ ከማጅስትሬት ወደ ክራውን ኮርት የሚሄድ ይግባኝ ቅጣቱን ሊያከብደው ይችላል።

ሁሉም በር ከተዘጋ ወደ ስትራስቡርግ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን የሚጠየቀው «ጥፋተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም» አይደለም። የሚጠየቀው አገሩ ፍትሐዊ ችሎት የማግኘት መብትዎን ጥሷል ወይ ነው። ለምሳሌ ጠበቃ ወይም አስተርጓሚ ተከልክለው ነበር? የመከላከያ ምስክር የማቅረብ ዕድል ተነፍገው ነበር? መጀመሪያ የአገሩን ይግባኝ ሁሉ መጨረስ ያስፈልጋል። ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ ያለው ጊዜ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ 4 ወር ብቻ ነው፤ በፊት 6 ወር ነበር። ቢያሸንፉም ወዲያው ከእስር አይፈቱም፤ ብዙ አገሮች ግን በዚህ ውሳኔ መሠረት መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት ይፈቅዳሉ። ማመልከቻው የሚሞላው በፍርድ ቤቱ ፎርም ነው፤ በፖስታ ይላካል፤ ክፍያ የለውም። ከአባል አገሮቹ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች በማንኛቸውም መጻፍ ይቻላል። አማርኛ ከእነዚያ ውስጥ ስለሌለ፣ ከ4 ወሩ ላይ ለትርጉም የሚሆን ጊዜ አስቀድመው ይቁጠሩ።